ከፊታችን ያለው መኪና ሲቆም

በአውራ ጎዳና ላይ አንድ መኪና ድንገት ሲቆም፣ ከኋላው ያሉት ተከታትለው የሚላተሙት ለምን ይሆን? ሾፌሮቹ ሁሉ ግዴለሾች ሆነው ነውን? ነገሩን በቁጥር እንመልከተው።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ መኪናው ሳይገታ 42 ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ከፊቱ ካለው የሚርቀው 20 ሜትር ብቻ ከሆነስ? ሁለቱ እኩል አጥብቀው ፍሬን ቢይዙም መጋጨታቸው አይቀርም። ሦስተኛው የሚያየው የሁለተኛውን ጀርባ ብቻ ስለሆነ የአደጋው ወሬ ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ ለአራተኛው ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ጭጋግ ከተጨመረበት የባሰ ነው።

ባለሙያዎች ይህንን መዘግየት ለማስቀረት ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያዋ ሳንዲያጎ አቅራቢያ፣ ስምንት መኪኖች በኮምፒዩተር እየተመሩ፣ በመካከላቸው 6 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ትተው በሰልፍ ሲጓዙ ለሕዝብ ታይተዋል። አስፋልቱ ውስጥ የተቀበሩ ማግኔቶች መስመራቸውን ያስጠብቋቸዋል፤ ራዳር ርቀቱን ይለካል። ዋናው ምሥጢር ግን ሬዲዮው ነው። መሪው መኪና ፍሬን ሲይዝ መልእክቱ ከጀርባ ወደ ጀርባ እየተቀባበለ ሳይሆን፣ ለተከታዮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደርሳል።

ያ አሠራር ልዩ መንገድ ስለሚሻ ለተራው ተጓዥ አልደረሰም። በሰፊው የተለመደው ከፊት ያለውን በራዳር ወይም በካሜራ አይቶ፣ ሾፌሩ ቢዘናጋ በራሱ ፍሬን የሚይዘው መሣሪያ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ለአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ግዴታ ሆኗል። ይሁንና መሣሪያው ከሰው ቀድሞ ፍሬን ይይዛል እንጂ የረጠበ አስፋልት አያደርቅም፤ ያረጀ ጎማም አያድስም። ርቀት ካልተጠበቀ እርሱም ይሸነፋል።

መሣሪያው የሌለን ምን እናድርግ? ከፊታችን ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ ሰከንድ መቁጠር እንጀምር። ሁለት ሳንል እኛም ምሰሶው ጋ ከደረስን ተጠግተናልና ፍጥነት እንቀንስ። በዝናብና በጭጋግ ደግሞ እጥፍ አድርገን እንራቅ። ከኋላ የተቀመጥን ተሳፋሪዎችም «ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ ራቅ በል» ለማለት አንፈር። በመኪናው ውስጥ ያሉት ልጆቻችን ናቸውና።