«ምን ሲሠሩ ኖሩ?»

አጎቴ ሞላሌ ተወልዶ፣ በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ወደ 30 ዓመት ጋራዥ ሠራ። ሥራው የከባድ መኪና ፍሬን ነበር። ያረጀውን የፍሬን ሸራ ይፈታል፣ የተጠራቀመውን አቧራ በኮምፕረሰር አየር ያራግፋል፣ አዲሱን ይገጥማል። አፉ ላይ የሚያስረው ጨርቅ እንኳን አልነበረውም።

ታሞ አገሩ ሲመለስ ሆዱ ተነፍቶ፣ እጅና እግሩ ግን ከስቶ ነበር። ባናውን ደርቦ ደጅ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ጎረቤቱ ገሚሱ «ውሃ ቋጥሮ ነው»፣ ገሚሱ «ቲቢ ነው»፣ ሌላው «መተት ነው» አለ። ጸበል ሄደ፤ ሐኪም ቤትም ሄዶ ውሃው በመርፌ ተቀዳለት። በሦስተኛው ወር አረፈ።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች መጀመሪያ የምንማረው ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብሎ መጠየቅን ነው። አጎቴን ግን «ዕድሜዎን ሙሉ ምን ሲሠሩ ኖሩ?» ያለው ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠየቅኩትም።

ጥያቄው ለምን ይጠቅማል? ሜሶቴሊዮማ የሚባል ካንሰር አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሳንባን ሽፋን፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የሆድ ዕቃን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ይይዛል። ዋናው መነሻው አስቤስቶስ ነው፤ እሳት ስለማይበግረው ለጣሪያ፣ ለቧንቧና ለፍሬን ሸራ ሲውል የኖረ ማዕድን። ብናኙን የተነፈሰ ሰው ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ሊታመም ይችላል። ሆድ ውስጥ ሲሆን ውሃ ያስቋጥራል፣ ያከሳል፤ ከሆድ ቲቢ ጋር ይመሳሰላል። ቲቢ በበዛበት አገር ሐኪሙ አስቀድሞ ቲቢን ቢያስብ አይፈረድበትም። የሚለየው ግን ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። አጎቴን የገደለው ይህ ነው ማለቴ አይደለም። ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ የለውም ማለቴ ነው።

«እኛ አገር እንዲህ ያለ በሽታ የለም» የሚሉ አሉ። ማን ቆጥሮት? በ2004 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው የካንሰር ምዝገባ የአዲስ አበባን ነዋሪዎች ለመቁጠር የተቋቋመ ነው። ሳይመረመር ሞላሌ ገብቶ የሞተውን ሰው ማን ይመዘግበዋል?

«ታወቀ አልታወቀ ያው ሞት ነው» የሚሉም አሉ። አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ስቴፈን ጄይ ጉልድ ይኸው የሆድ ሽፋን ካንሰር እ.ኤ.አ. በ1982 ተገኘበት። ያኔ ከበሽተኞቹ ግማሹ ከ8 ወር በላይ አይቆዩም ይባል ነበር። እሱ ታክሞ 20 ዓመት ኖረ። ሁሉም እንደሱ ይሆናል አልልም፤ ግን እሱ በሽታው በስሙ ተጠርቶለታል።

በእኔ እምነት መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የበሽተኛው ካርድ ላይ የኖረበት ሥራ ይጻፍ። ጋራዦችም አቧራውን በአየር መንፋት ትተው በውሃ ያርጥቡት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አደጋውን እንዲያስረዳና መከላከያ እንዲሰጥ ያዛል፤ አዋጁ ጋራዥ ድረስ ይግባ።

እናንተ ጓደኞቼ ደግሞ ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ፣ ቡናው እስኪፈላ አባቶቻችሁን ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ጠይቁልኝ። እኔ ዘግይቻለሁ።