መብራት ሲሄድ ውሃው የት ይሄዳል?



ሳሎንዎ ውስጥ የዓሣ ገንዳ አቁመው፣ ከሥሩ ደግሞ ማጣሪያውን የሚይዘውን ሁለተኛ ገንዳ፣ ሰምፑን፣ አሠርተው ጨርሰዋል ብዬ ነው የምጽፍልዎ። የቀረዎት ውሃውን ከታች ወደ ላይ የሚመልሰው ፓምፕ ብቻ ነው። ምናልባትም ነገ ሱቅ ሊወጡ አስበው ይሆናል። እባክዎ አንድ ቀን ይታገሡኝ። የፓምፕ ምርጫ የሚጀምረው እቤትዎ፣ በሜትርና በጀሪካን ነው።

የእኔ ገንዳ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላ 360 ሊትር ይይዛል። የገዛሁት ፓምፕ ካርቶኑ ላይ በትልቁ “በሰዓት 3,000 ሊትር” ይላል። አካፍዬ ሳየው ውሃዬ በሰዓት ስምንት ጊዜ ሊዞር ነው። ደስ ብሎኝ ገጠምኩት። ከላይ የሚፈሰው ውሃ ግን ዓይኔን አልሞላውም። ታናሽ ወንድሜ ቢጫውን የ20 ሊትር ጀሪካን ከገንዳው አፍ እኩል አድርጎ ያዘልኝ፤ እኔ ቱቦውን አስገብቼ በስልኬ ሰዓት ቆጠርኩ። ለመሙላት 72 ሴኮንድ ፈጀበት። ይህ በሰዓት 1,000 ሊትር ነው፤ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሲሶው።

ካርቶኑ አልዋሸኝም፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። 3,000 የሚለው ፓምፑ ውሃውን ምንም ሽቅብ ሳያነሳ የሚገፋው መጠን ነው። ከጎኑ በደቃቅ ፊደል 2.2 ሜትር የሚል ነበር፤ እዚያ ከፍታ ላይ ፓምፑ እየዞረም ጠብታ አይወጣም። በሁለቱ መካከል ውሃው ከፍታው በጨመረ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ጠንቃቃ አምራቾች ይህን ቁልቁለት በሥዕል አድርገው ካርቶኑ ጎን ላይ ያትሙታል። ከትልቁ ቁጥር ይልቅ ያንን ሥዕል ይመኑ፤ ሥዕል የሌለው ካርቶን ከሆነ ግን ፓምፑን ባይገዙት እመርጣለሁ። ከፍታውን የሚለኩትም ከሰምፑ ውሃ ገጽ ተነሥተው ቱቦው እስከሚያፈስበት አፍ ድረስ ነው። የእኔ 1 ሜትር ከ30 ሆነ።

ከፍታውን መለወጥ አልችልም። ቱቦውን ግን እችላለሁ። ሱቁ የሰጠኝ ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከጀርባ ለመደበቅ ብዬ ደግሞ አራት ማጠፊያ (ኤልቦ) አስገብቼበት ነበር። ውሃ በጠባብ መንገድ ሲሮጥና ሲታጠፍ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። ቱቦውን በ25 ሚሊ ሜትር ለወጥኩት፤ ኤልቦዎቹንም ወደ ሁለት አወረድኳቸው። ያው ፓምፕ፣ ያው ጀሪካን፣ ያው ወንድሜ፤ በ45 ሴኮንድ ሞላ። በሰዓት 1,600 ሊትር፤ ገንዳውን ከአራት ጊዜ በላይ ያዞረዋል። እንደ እኔ ዓሣዎች ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ለሚኖሩ ይህ ይበቃል። ያን ቀን ሳልለካ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ የ5,000 ሊትር ፓምፕ እገዛ ነበር፤ ገንዘቡንም አዘጋጅቼ ነበር። ትልቅ ፓምፕ ደግሞ ብዙ መብራት ይበላል፤ ቀንና ሌሊት የማይጠፋ ነገር ነውና 60 ዋት የሚወስድ ፓምፕ በወር 43 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይቆጥራል። ይህም ሳያንስ ውሃውን ከላይ ወደ ሰምፑ የሚያወርደው ቱቦ ፓምፑ ከሚሰጠው በላይ መሸከም ካልቻለ ውሃው በላይኛው ገንዳ አፍ ይገነፍላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሁላችንም ፓምፕ የምንመርጠው ሲሠራ እያሰብን ነው። እኔ የምለምንዎ ሲቆም አስበው እንዲመርጡት ነው።

የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ሌሊት መብራት ሄደ። እኔ ተኝቻለሁ። ፓምፑ ቆመ፤ የመመለሻው ቱቦ አፍ ግን ከውሃው ገጽ 5 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ነበርና ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ታች ተመልሶ የላይኛውን እየሳበ ይወርድ ጀመር። አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ አያቆምም። 120 በ50 በ5 ያባዙት፤ 30 ሊትር ነው። ሰምፔ 80 በ40 ነው፤ 30 ሊትር ሲገባበት ከ9 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እኔ የተውኩለት ባዶ ቦታ 6 ብቻ ነበር። የነቃሁት በር ሲንኳኳ ነው። ታች ቤት ያሉት እናት ሻማ ይዘው ቆመዋል፤ “ልጄ፣ ውሃ ከላይ እየወረደብን ነው” አሉኝ። የአልጋ ልብሳቸው ረጥቦ ነበር። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ።

ብዙ ሰው ለዚህ መድኃኒቱ ውሃ እንዳይመለስ የሚዘጋ ቫልቭ ነው ይላል። አልስማማም። አንድ ቅጠል ወይም አንዲት ቀንድ አውጣ መካከሉ ከገባች አይዘጋም፤ ሳይዘጋ መቅረቱን የሚያውቁትም መሬቱ ሲረጥብ ነው። የሚሻለው የቱቦውን አፍ ወደ ውሃው ገጽ ማቅረብ፣ ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብሎም ቱቦው ላይ ቀዳዳ መብሳት ነው፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ቀዳዳው አየር ያስገባና መሳቡ ይቋረጣል። ከዚያ በቀን ብርሃን፣ ባልዲና ፎጣ ይዘው፣ ሶኬቱን በገዛ እጅዎ ይንቀሉ። ውሃው ሰምፑ ውስጥ እስከ የት እንደሚነሣ ይዩ። ከአፉ ሳይደርስ እንዲቆም የሚያደርገውን መጠን ሲያገኙ ፓምፑን መልሰው ያስነሡና ውሃው የረጋበትን ቦታ በማይለቅ ማርከር ያስምሩ። ውሃ ሲጨምሩ ከዚያ መስመር አይለፉ።

መብራት ሲሄድ የሚያሰጋው ጎርፉ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ ወደ 6 ይወርዳል። የውጭ መጻሕፍት ዓሣዎቹ ያለ ፓምፕ ይህን ያህል ሰዓት ይቆያሉ ሲሉ የሚናገሩት ስለ ሌላ አየር ነው። ማጣሪያው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም የሚተነፍሱት ፓምፑ በሚያመጣላቸው ውሃ ነው። ስለዚህ መብራት ሲመለስ ማንም ሳይነካው በራሱ የሚነሣ ፓምፕ ያስፈልግዎታል። ሱቁ ውስጥ ባልዲ ውሃ ያስመጡና ይሰኩት፣ ይንቀሉት፣ እንደገና ይሰኩት። ፍጥነቱ የሚስተካከለው የዲሲ ፓምፕ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ መብራትም የሚቆጥብ ነው፤ የ24 ቮልት ሲሆን ደግሞ ከባትሪ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ድካሙ መቆጣጠሪያው ላይ ነው፤ እሱ ከተቃጠለ ፓምፑ ደህና ሆኖ ሳለ ውሃው ይቆማል። እኔ የዲሲውን እመርጣለሁ፤ ከጎኑ ግን አንድ ርካሽ ተራ የኤሲ ፓምፕ መጠባበቂያ አስቀምጫለሁ።

ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ሊልክልዎ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርዎ። የእነሱ መብራት 120 ቮልት ብቻ ሳይሆን በሴኮንድ 60 ዑደት ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ዑደት። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፤ ዑደቱን አይነካም። ተራው ፓምፕ ደግሞ የሚዞረው በዑደቱ ልክ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ ከስድስት እጅ አምስቱ ይሆናል፤ ውሃ የሚያነሣበት ከፍታ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። 2.2 ሜትር የነበረው 1.5 ይሆናል፤ ይባስ ብሎም ይግላል። እንላክልዎ ካሉ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ ከ50 እስከ 60 ዑደት የሚል አዳፕተር ያለውን የዲሲ ፓምፕ ይበሏቸው።

በበጋ ውሃው ሲተን የሚጎድለው ፓምፑ ያለበት የሰምፑ ክፍል ነው፤ ያ ክፍል እንዳይጎድል ይጠብቁት፤ ፓምፑ በደረቁ ከዞረ ይቃጠላል። የፓምፑ ገመድ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ ታጥፎ ይለፍ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ፓምፑን በየሦስት ወሩ ፈትተው በኮምጣጤ ይዘፍዝፉት።

ባለፈው ወር እንደ ልማዴ ሶኬቱን ነቅዬ ነበር፤ ሰምፑ ውስጥ ውሃው ከወትሮው ሦስት ጣት ከፍ ብሎ ቆመ። የቱቦውን ቀዳዳ ብፈልጋት አልጌ ደፍኗታል። በስቴኪኒ ጠርጌያት ሶኬቱን ሰክቼ መልሼ ነቀልኩት፤ ወደ ቦታው ወረደ።