ድንገተኛው ማነው?

ጎርፍ ሰው በበላ ቁጥር አንዲት ቃል ከየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ትወጣለች፤ «ድንገተኛ»። በዜናው «ድንገተኛ ጎርፍ»፣ በሐዘን መግለጫው «ድንገተኛ አደጋ»። ለመሆኑ በዚህ አገር ክረምት መቼ ነው በድንገት የገባው?

ድሬዳዋን እንውሰድ። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ፈጀ፤ ሺዎችን ቤት አልባ አደረገ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ደግሞ በበልግ ዝናብ በዚያችው ከተማ ጎርፍ ዳግም ሰው ገደለ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ደራሽ ውሃው የሚመጣው ግን ከሐረርጌ ደጋ ነው። ደጋው ሲመነጠርና ተዳፋቱ ሲራቆት ውሃውን ያዝ የሚያደርገው ነገር ይጠፋል። ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ደጋው ላይ ዝናብ ለክቶ ቆላ ላለው ሰው ቀድሞ መንገርም ከአቅም በላይ አይደለም።

«ሰዎቹስ ለምን ወንዝ አፋፍ ላይ ሰፈሩ?» የሚሉ አሉ። እስቲ አዲስ አበባን እንይ። በቀበና፣ በግንፍሌና በባንተይቅጡ ዳር ከነበሩት ደሳሳ ቤቶች ስንቶቹ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ? የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ የነዚያ ቤቶች አከራይ ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ኪራይ ሲሰበሰብ የሚታወቅ ቤት፣ ጎርፍ ሲገባበት ባለቤት ያጣል፤ ጥፋቱም የተከራዩ ይሆናል። ድሃ ወንዝ ዳር የሚኖረው የውሃ ድምፅ ናፍቆት አይደለም፤ ሌላ ቦታ ስለሌለው ነው።

አደጋው ደግሞ እያደር እየባሰ ነው። ዓለም ስትሞቅ አየሩ የሚሸከመው ውሃ ይበዛል፤ ዶፉም ይበረታል። ትናንት ሣርና አፈር የነበረው ቦታ ዛሬ አስፋልትና ሲሚንቶ ለብሷል። አፈር ይጠጣው የነበረው ውሃ ከእንጦጦ ተንደርድሮ ወደ ቱቦ ይወርዳል፤ ቱቦው በፌስታልና በፍርስራሽ ታንቆ ይጠብቀዋል። ለትናንቱ ውሃ የተሠራ ድልድይ የዛሬውን እንዲያሳልፍ መጠበቅ የሕፃን ጫማ ለጎልማሳ እንደ መስጠት ነው።

እኛ ግን የምንለካው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ብርድ ልብስ ይታደላል፣ መስከረም ሲጠባ ይረሳል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ዝርዝሩ በየቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፍ። የትኛው ቤት፣ የትኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛው ጤና ጣቢያ፣ የትኛው ድልድይ በውሃ መንገድ ላይ ነው? ቱቦውን የሚያስጠርገው ማነው፣ እስከ መቼ? የሚነሣው ሰው የሚገባበት ቤትስ የት ነው? መንገድ የሚሠራ ሁሉ ውሃውን ወደ ማን ደጅ እንደሚልከው አስቀድሞ ይናገር። ከኃላፊዎቹ ስም ጋር ይጻፍ።

ከዚያ በኋላ ሰው ከሞተ «ድንገተኛ» የሚል ደፋር ይኖር እንደሆነ እናያለን።