ገጸ ባሕርይም ጓዳ አለው

እናቴ ካረፈች ከዓመት በኋላ ስለ እሷ አጭር ልቦለድ ጻፍኩ። ስሟን ቀየርኩ፤ ሰፈሩን ግን አልነካሁትም። የታሪኬ እናት ማለዳ ተነስታ በር ላይ ለቆመ የኔ ቢጤ ቁርስ ታወጣለች፣ የታመመ ጎረቤት ትጠይቃለች፣ ልጆቿን በላቧ ታሳድጋለች። በስምንት ገጽ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አትቆጣም። እያለቀስኩ ስለጻፍኩት ጥሩ የጻፍኩ መሰለኝ።

ለታላቅ እህቴ ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አነበበችና ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ "ቆንጆ ነው። ግን ይቺ ማን ናት?" አለችኝ።

ተናደድኩ። "እማዬ ናታ!"

"እማዬ ከሆነችማ የስኳሩ ቁልፍ የታለ?"

ዝም አልኩ። እናታችን የስኳሩን ጣሳ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበት ነበር። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ለለመናት ሁሉ እንጀራ የማትነፍግ ሴት፣ ለገዛ ልጆቿ ስኳር የምትሰጠው በማንኪያ ለክታ ነበር። አንድ ቀን ገላዋን ስትታጠብ ቁልፉን ሰርቄ ሁለት ማንኪያ ቃምኩ። አወቀችና ገረፈችኝ። ማታ የተኛሁ መስሏት አጠገቤ ተቀምጣ ስታለቅስ ሰማኋት።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን አልጻፍኩትም። ገመና ነዋ! የሞተች እናት ገመና እንዴት አደባባይ ይወጣል?

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር የማወጋችሁ ስለዚያ ቁልፍ ነው። ከመካከላችሁ ልቦለድ ጀምራችሁ መሳቢያ ውስጥ የተዋችሁት አላችሁ። ልጃችሁ "ታሪክ ፈጥራችሁ ጻፉ ተባልን" ብሎ መጥቶ ምን እንደምታግዙት የጨነቃችሁም አትጠፉም። አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ደህና ነው፤ ውስጡ ያሉት ሰዎች ግን አይተነፍሱም።

ሳሎንና ጓዳ

እንግዳ ሲመጣ የምናስገባው ሳሎን ነው። ሶፋው ተስተካክሏል፣ ጠረጴዛው ተወልውሏል። የተሸረፈው ስኒ፣ ያለቀው ዘይት፣ የተኮራረፈው ባልና ሚስት ያሉት ጓዳ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ገጸ ባሕርዩን ሳሎን አስቀምጦ ይጨርሰዋል። "ቁመቷ ሎጋ፣ ዓይኗ የሚያምር፣ ጠባይዋ ሸጋ" ይልና አለቀ። ክፉውም ከክፋቱ ሌላ ምንም የለውም።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው ስለ ልቦለድ በሚያትት መጽሐፉ ገጸ ባሕርያትን ጠፍጣፋና ድቡልቡል ብሎ ለሁለት ከፍሏቸዋል። መለያው ቀላል ነው፤ ድቡልቡሉ ሰው ሊያስገርመን ይችላል፣ ሲያስገርመንም እናምነዋለን። የኔዋ እናት በስምንት ገጽ ማንንም አላስገረመችም።

ከራሳችን ቤት ምሳሌ እንውሰድ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ያላነበበ እንኳ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቷል፤ ወይም ከሰማ ሰው ሰምቷል። በዛብህን ለምን አንረሳውም? መልከ መልካም ወይም የተማረ ስለሆነ አይመስለኝም። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን በስለት ሰጥተውታል፤ እሱ ደግሞ ሊያስተምራት የገባባትን ሰብለ ወንጌልን ይወዳል። ስለቱም እውነት ነው፣ ፍቅሩም እውነት ነው። አንዱን ሲይዝ አንዱ ይቀደድበታል።

ፊታውራሪ መሸሻን ደግሞ አስቡ። በዘራቸው የሚኮሩ፣ ገበሬውን የሚያስጨንቁ ባላባት ናቸው። እንጠላቸዋለን። ግን በኩራታቸው እንስቃለን፤ በገዛ ገበሬዎቻቸው ሲማረኩ ደግሞ ሳንወድ በግድ እናዝንላቸዋለን። ደራሲው ክፉ ብለው ከመፍረዳቸው በፊት ጓዳቸው ድረስ ገብተዋል። ጉዱ ካሳንስ? አገሬው "ጉዱ" ያለው የሚናገረው ነገር ስለማይዋጥለት ነው። በአንድ ቅጽል ስም የሰፈሩን ፍርድ ሰማን፤ ሰውየው አፉን ሲከፍት ግን "ጉዱስ ማን ነው?" ብለን መጠየቅ እንጀምራለን። እናንተም ገጸ ባሕርያችሁን ሰፈሩ ምን ብሎ እንደሚጠራው አስቡ። ከመልኩ ዝርዝር ይበልጣል።

አንድ ሥር፣ ሁለት ቅርንጫፍ

"እሺ፣ ድክመት ልጨምርለት" ብላችሁ ለደጉ ሰው ሲጋራ፣ ለክፉው ድመት ብትሰጡት አይሠራም። ደግነቱና ድክመቱ ከአንድ ሥር ሲበቅሉ ነው ሰው የሚሆነው።

የእናቴን ሥር ያሳየችኝ እህቴ ናት። እማዬ ያደገችው ሰው ቤት ነው፤ እናቷ በልጅነቷ ሞታባት ዘመድ ዘንድ ተሰጥታ። እዚያ ቤት እንጀራ ተቆጥሮ ይሰጣት ነበር። ስለዚህ የተራበ ሰው ስታይ አታስችልም። ስለዚህም ነገ የሚያልቅ የሚመስላትን ነገር ትቆልፋለች። ያ የማለዳ ቁርስና ያ ቁልፍ የአንዲት የተራበች ልጅ ሥራ ናቸው። እኔ አንዱን ቆርጬ ስጥል ሌላውም ደርቆብኝ ነበር።

ስለዚህ ገጸ ባሕርያችሁን ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። አንድ፣ ምን ይፈልጋል? "ደስታ" አትበሉ፤ ኮንዶሚኒየም ይሁን፣ የአባቱ ይቅርታ ይሁን፣ በእጅ የሚጨበጥ ነገር በሉ። ሁለት፣ ምን ይፈራል? ሦስት፣ ለማን ምን ብሎ ይዋሻል? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የጓዳውን በር ይከፍታል። ለባለቤቱ ደሞዙን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰውና ለእናቱ ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው፣ ደሞዛቸው እኩል ቢሆንም ታሪካቸው ለየቅል ነው።

ከአፉ ስሙት

"ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" ይባላል። ገጸ ባሕርያት ሁሉ እንደ ጸሐፊው የሚያወሩ ከሆነ ጸሐፊው ብቻውን እያወራ ነው ማለት ነው። እስቲ አንዲት ወጣት ከምሽቱ አራት ሰዓት ቤቷ ገባች እንበል። ቤተሰቡ ሁሉ ያሳሰበው ማምሸቷ ነው።

አባት ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን ሳይነቅል፣ "ሰዓት ስንት ነው?"

እናት፣ "እራትሽ ቀዝቅዟል።"

አያት፣ "ልጄ፣ ጅቡ እንኳ ጠግቦ ገብቷል።"

በር የከፈተችላት ሠራተኛ ደግሞ በሹክሹክታ፣ "ጋሼ አልተኙም።"

ማንም "ተጨንቀን ነበር" አላለም፤ ግን አራቱም ብለዋል። የማን ቃል የማን እንደሆነ ስም ሳይጻፍ መለየት ከቻላችሁ አራት ሰው ፈጥራችኋል።

ገመናውስ?

ወደ ከባዱ ነገር ልመለስ። ያደግነው "ያገር ሰው ምን ይላል" ተብለን ነው፤ ለጽሑፍ የሚሆን ሕይወት ያለው ደግሞ በአብዛኛው እዚያ በተሸፋፈነው ውስጥ ነው። እኔ ሦስት ነገር እጠብቃለሁ። በሕይወት ያለ ሰው የሚታወቅበትን ምስጢር እንዳለ አላወጣም። አንድን ሰው ሙሉ በሙሉ አልቀዳም፤ የአክስቴን ንግግር፣ የቀድሞ አለቃዬን ፍርሃት፣ የሰፈራችንን ባለ ሱቅ ኩራት ቀላቅዬ ሌላ ሰው እፈጥራለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ከመጻፌ በፊት "የምጽፈው ልፈርድበት ነው ወይስ ልረዳው?" ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱ "ልፈርድበት" ከሆነ ብዕሩን አስቀምጣለሁ።

የእናቴንም ታሪክ እንደገና ጻፍኩት። ቁልፉን አንገቷ ላይ መለስኩላት። ግርፊያውም ገባ፣ የማታው ልቅሶም ገባ። ገጹ ከስምንት ወደ አምስት ወረደ። እህቴ ይህን ጊዜ አንብባ ስትጨርስ ብዙ ቆየች። ከዚያ፣ "ቁልፉ እኮ እኔ ጋ ነው" አለችኝ። ከለቅሶው በኋላ ዕቃ ሲከፋፈል ማንም ያልፈለገውን እሱን ወስዳ ነበር። ቁም ሣጥኑ ከተሸጠ ቆይቷል።

የወሩ የቤት ሥራ

በሚቀጥለው እሑድ ቡና ላይ ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። አንድ ሰው ፍጠሩ፤ ስም አውጡለት። መልኩን ለማንም አትናገሩ። ቦርሳው ወይም ኪሱ ውስጥ ያሉ አምስት ነገሮችን እያንዳንዱ ሰው በየተራ ይጨምር። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ "ከእነዚህ አንዱን ይደብቃል፤ የቱን ነው? ከማን?" ልጆች መልሱን ለማግኘት ከእኛ ይፈጥናሉ። መልሱን የሰጠው ልጅ "ለምን?" ተብሎ ሲጠየቅ የሚናገረውን ጻፉለት፤ የመጀመሪያው አንቀጽ እሱ ነው።

መሳቢያ ውስጥ የተዋችሁት ታሪክ ያላችሁ ደግሞ አውጡና አንድ ነገር ፈልጉበት። የምትወዱትን ሰው ስትጽፉ ምን ትታችኋል? የተዋችሁትን ታውቁታላችሁ። ከዚያ ጀምሩ።

የወር ሰው ይበለን።