በጽኑ የታመመ ሰው መቼና ምን ያህል ይመገብ?

በአገራችን አንድ ሰው ታሞ የተኛ እንደ ሆነ፣ ጠያቂ ገብቶ «እግዜር ይማርህ» ካለ በኋላ አስታማሚውን አስቀድሞ የሚጠይቀው «እህል ቀመሰ ወይ?» ብሎ ነው። አጥሚት በቴርሞስ ወይም ሾርባ በሳሕን ሳይዝ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ዘመድም ጥቂት ነው። ይህ ልማድ ከርኅራኄ የመነጨ ስለ ሆነ፣ በሽተኛው በራሱ አፍ የሚጎርስና የሚውጥ እስከ ሆነ ድረስ የሚነቀፍበት ነገር የለውም። ነገር ግን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በመተንፈሻ መሣሪያ ታግዞ ሳምንታት ስለሚተኛው ሰው የሆነ እንደ ሆነ፣ «ቀመሰ ወይ?» ከማለት በፊት «መቼ? ምን ያህል? በምን መንገድ?» ማለት ይገባል። በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ የሕክምና ሊቃውንት ካለፉት 15 ዓመታት ገደማ ጀምሮ ብርቱ ክርክር ይዘዋል፤ ቀድሞ እንደ ደንብ ይቈጠር የነበረውም ብዙው ተለውጧል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለው በሽተኛ በጥንት ዘመን አይታወቅም ነበር። መተንፈስ የተሳነው ሰው ብዙ ሳይቈይ ይሞት ነበርና። ነገሩ የተለወጠው በ1952 ዓ.ም. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሐገን የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ነው። ዶክተር ቢዮርን ኢብሰን የበሽተኞቹን ጉሮሮ በስተ ውጭ አስቀድደው፣ በዚያ በገባው ቱቦ አየር በእጅ እንዲነፋላቸው አደረጉ። ይህንንም ሥራ ሌሊትና ቀን እየተፈራረቁ የፈጸሙት ወደ 1,500 የሚጠጉ ተማሪዎች ነበሩ። ዛሬ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው ከዚያ ተወለደ። እንግዲህ ሞትን አልፎ፣ ነገር ግን ጤናን ሳያገኝ ለወራት አልጋ ላይ የሚቈይ ሰው የመጣው ከሕክምናው መሻሻል ጋራ ነው። በእኛም አገር በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ገብቶ የአዲስ አበባው ሚሌኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል በሆነ ጊዜ፣ «ቬንቲሌተር» የሚለው ቃል በየቤቱ የሚነገር ሆኖ ነበር።

እስቲ ሰውነት በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። ጤነኛ ሰው ቢጾም ሰውነቱ ቈጣቢ ነው፤ ጥቂት ቀን እንዳለፈ ስቡን እያነደደ ጡንቻውን ይጠብቃል። በጽኑ የታመመ ሰው ግን ስብ እያለው ጡንቻውን ያፈርሳል። ይህን በ1930ዎቹ ዓመታት የግላስጎው ከተማ ሊቅ ዴቪድ ከትበርትሰን አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎችን ሽንት በመመርመር አስረድተዋል፤ በሽንቱ የሚወጣው ከተሰበረው ቦታ ብቻ ሊመጣ ከሚችለው እጅግ የበለጠ ሆኖ አገኙት። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር 63 በሽተኞች በአልትራሳውንድ ሲለኩ፣ የጭናቸው ጡንቻ ስፋት በ10 ቀን ውስጥ በመቶ 18 ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። የሚቀንሰው ደግሞ የእግር ጡንቻ ብቻ አይደለም። የመተንፈሻው ጡንቻ አብሮ ይደክማል፤ ጡንቻው ሲደክም ሰውዬው ከመሣሪያው ለመላቀቅ አቅም ያጣል፤ ሳይላቀቅ በቈየ መጠንም የባሰውን ይደክማል።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «እንግዲያስ ፈጥኖ፣ አብዝቶ መመገብ ነው» ይላል። ሐኪሞችም ብለው ነበር። በ1968 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዶክተር ስታንሊ ደድሪክ ሰውን በሙሉ በደም ሥር ብቻ መመገብ እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ፣ ተስፋው በዝቶ ብዙ ካሎሪ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ማንቈርቈር የትጉህ ሐኪም ምልክት እስከ መሆን ደረሰ። አሳቡ ለሰሚው የቀና ነው፤ ይሁን እንጂ የቀና አሳብ ሁሉ ሲፈተን አይጸናም።

በ2011 ዓ.ም. በቤልጂግ 4,640 በሽተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን በሆድ የሚሰጠው ያልሞላው ምግብ በ48 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ተሟላለት፤ ሁለተኛው ወገን ግን እስከ 8ኛው ቀን እንዲታገሥ ተደረገ። ከመመርቀዝ የዳነውና ፈጥኖ ያገገመው የታገሠው ወገን ሆኖ ተገኘ። በ2015 ዓ.ም. የሳዑዲ ዐረቢያና የካናዳ ሐኪሞች በ894 በሽተኞች ላይ ካሎሪ ቀንሰው ቢሰጡ ሞት አልጨመረም። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳውያን በመሣሪያ የሚተነፍሱና የደም ግፊታቸው በመድኃኒት የተደገፈ 3,044 ሰዎችን ፈተኑ። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሾቹ በቀን በያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው 25 ካሎሪ፣ ግማሾቹ 6 ካሎሪ ብቻ አገኙ፤ ፕሮቲኑም እንዲሁ ተቀነሰ። በሞት ልዩነት አልታየም፤ ጥቂት ያገኙት ግን ትውከታቸውና ተቅማጣቸው አነሰ፣ የአንጀትና የጉበት ጉዳታቸው ቀነሰ፣ ከክፍሉም ለመውጣት ትንሽ ቀደሙ። በዚያው ዓመት በ16 አገሮች 1,301 በሽተኞች ላይ ብዙ ፕሮቲን የመስጠት ፈተና ተደርጎ ጥቅም አላስገኘም፤ ኩላሊታቸው ለታመመ ሰዎች እንዲያውም ጎጂ ሳይሆን እንዳልቀረ ታየ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በሕመሙ መጀመሪያ ጉበት ራሱ ስኳር እያመረተ ወደ ደም ይለቃል፤ ምግብ ቢመጣለትም እንደ ጤነኛው አይታቀብም። ስለዚህ ከውጭ የሚጨመረው በነበረው ላይ ይደረባል። ደም በሚገባ የማይደርሰው አንጀትም የተሰጠውን መፍጨት ሸክም ይሆንበታል። ከዚህም ሌላ ሕዋሳት የተበላሸ ክፍላቸውን የሚያጠሩት ምግብ ሲያንሳቸው ነው፤ ያለጊዜው ማጥገብ ይህን ጽዳት ያስታጕላል የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስገርመናል። በረኀብ የተጎዳ ሕፃን በሚታከምባቸው በአገራችን ጣቢያዎች የሚሠራ ነርስ ይህን ምሥጢር ያውቀዋል። የተጎዳው ልጅ እንደ ገባ የሚሰጠው በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ ያለው፣ ፕሮቲኑ ያነሰ «ኤፍ 75» የተባለው ወተት ነው፤ ልጁ ሲረጋጋና መብላት ሲያምረው ወደ «ኤፍ 100» ይሻገራል። በድንገት የጠገበ የተራበ ሰውነት በደሙ ውስጥ ያለውን ፎስፎርና ፖታሲየም ወደ ሕዋሱ ስቦ ስለሚያስገባ ልብና ትንፋሽ ሊቆሙ ይችላሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከምርኮ የወጡ ሰዎች ምግብ አግኝተው ሳለ መሞታቸው ይህን አስተምሮ ነበር። የረኀብ ሐኪምና የጽኑ ሕሙማን ሐኪም ከአንድ ትምህርት ቤት ወጥተው በየፊናቸው ሲሠሩ፣ የአንዱ እውቀት ለሌላው ሳይደርስ ስንት ዓመት አለፈ!

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ «ጥቂት ምግብ ይሻላል» የሚል አጭር ቃል ብቻ ይዞ የሚሄድ ተማሪ ቢኖር ከባድ ስሕተት ላይ ይወድቃል። እነዚያ ፈተናዎች የሚመሰክሩት በተለይ ስለ መጀመሪያው ሳምንት ነው። ሕመሙ ሲበርድ ሰውነት መገንባት ይጀምራል፤ በዚያን ጊዜ የሚጎድለው ምግብ ያው የጎደለ ሆኖ ይቀራል። የተለመደው መመሪያ በዚህ ጊዜ በቀን በያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ25 እስከ 30 ካሎሪ፣ ፕሮቲንም 1.3 ግራም ያህል እንዲደርስ ያዝዛል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ1,500 እስከ 1,800 ካሎሪና 78 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። አንድ ዕንቍላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላለው፣ በዕንቍላል ብቻ ቢቈጠር 13 ይሆናል። በቀጭኑ የተፈላ አጥሚት ከዚህ የቱን ያህል እንደሚርቅ አንባቢ ይገምት። «ግሉኮስ ተሰክቶለታል» ተብሎ ቤተ ሰብ የሚጽናናበትም አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ውሃ ከ200 ካሎሪ አይበልጥም፤ ፕሮቲን የሚባል ነገርም የለውም። ጥማትን ያርቃል እንጂ ምግብ አይደለም።

በካናዳ ከተማ በቶሮንቶ ሳንባቸው እጅግ ተጎድቶ የዳኑ 109 ሰዎች ታሪክ በ2003 ዓ.ም. ታትሟል። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወጡ ከክብደታቸው በመቶ 18 አጥተው ነበር፤ ከዓመትም በኋላ ሳንባቸው ደኅና ሆኖ ሳለ ጡንቻቸው አላገገመም። መጕደሉ የሚብሰውም ሁሉ ሰው «ተረፈ» ብሎ በተደሰተበት ሰዓት ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳለ የገባለት ምግብ በየሰዓቱ ይጻፍ ነበር፤ ወደ ተራው ክፍል ሲሻገር የሚጽፍ የለም። ለምርመራ ሲወሰድ ምሳው ያልፈዋል፤ ጉሮሮው ለረዥም ጊዜ ቱቦ ስለ ነበረበት መዋጥ ይከብደዋል፤ ሳሕኑም እንደ መጣ ይመለሳል።

በሆስፒታል አስተዳደር ላይ የተቀመጡ ወጣት ሹማምንት ይህን «የሐኪም ጉዳይ ነው» ብለው እንዳይተዉት እንፈልጋለን። የበሽተኛ ምግብ ከመድኃኒት ተለይቶ በቀለብ ሒሳብ በሚቈጠርበት ቦታ ሁሉ፣ በጀት ሲያንስ መጀመሪያ የሚቈረጠው እርሱ ነው። በቱቦ የሚሰጥ የተዘጋጀ ምግብ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ በመሆኑ ውድ ነው፤ በቤት የተፈጨውም ቱቦውን እንዳይደፍን ሲቀጥን ኃይሉ ይጠፋል፣ ንጽሕናውም ያሠጋል። ግን በሽተኛን የሚመዝን ሚዛንና የተበላውን የሚጽፍ አንድ ወረቀት ምንዛሪ አይጠይቁም።

አንዳንድ ጠንቃቃ ሐኪሞች የምግቡን ቱቦ ከመተንፈሻው ቱቦ ጋራ በአንድ ቀን አያስነቅሉም። በሽተኛው ትንፋሹ ለራሱ በተተወ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በአፉ የሚበላው ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉን ብቻ መሆኑን አይተዋልና። ስለዚህ ቀን ቀን ዘመዱ በማንኪያ እያጎረሰው መዋጥ ይለማመዳል፣ ከአልጋውም ተነሥቶ ጥቂት እርምጃ ይሄዳል፤ ሌሊት ደግሞ ነርሷ የጎደለውን ቈጥራ በቱቦ ትሞላለታለች።