ማይኩ ዝም ሲል

ዛሬ ባለፈው ክረምት በቤታችን ከሆነው ልጀምር። ከአልጋ መነሣት ለማይችሉ አረጋውያን መዝሙርና መልእክት የምንቀዳበት አንድ ኮንደንሰር ማይክ አለን። አንድ ቅዳሜ ከመዘምራኑ አንዱ፣ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ማቆሚያውን በእግሩ መታውና ማይኩ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ጠፋ። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይኼን አሁን ማን ሊከፍለው ነው?» አልኩት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም።

ማይኩን ለመፈተሽ የተነሣሁት ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ማይክ ሊኖር ይችላልና የተማርሁትን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ።

ኮንደንሰር ማይክ ከተለመደው የእጅ ማይክ ይለያል። በውስጡ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ፣ ብዙውን ጊዜ ወርቅ የተቀባ ስስ ሽፋን ከአንድ ሳህን ፊት ለፊት ተወጥሯል። ድምፅ ሽፋኑን ሲያንቀሳቅሰው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል፤ ይህም ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይቀየራል። ምልክቱን የሚያሳልፈው ሰርኪት ኃይል ያስፈልገዋል። ኃይሉም ከሚክሰሩ በዚያው በድምፅ ገመድ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ 48 ቮልት ሲሆን ፋንተም ይባላል።

ስለዚህ ማይኩ ዝም ሲል ከመፍታታችሁ በፊት የ48 ቮልቱ ቁልፍ መብራቱን እዩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ሌላ ገመድ ቀይሩ፤ ቀጥሎም ሚክሰሩ ላይ ሌላ መሰኪያ ሞክሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትቀይሩ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

እኛ ዘንድ ገመዱ ሲቀየር ድምፅ መጣ። አሮጌውን ገመድ ከሁለቱም ጫፍ ነቅዬ በቴስተር ለካሁት፦ 1ን ከ1፣ 2ን ከ2፣ 3ን ከ3። የ1 ቁጥሩ መስመር ተቋርጧል። ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በእርሱ ነውና እርሱ ሲቋረጥ ማይኩ ኃይል አያገኝም። የመሰኪያውን ጫፍ ከፍተን፣ የተበላሸውን ቆርጠን፣ ሽቦውን እንደገና በየድነው።

ድምፁ ቢመጣም ማይኩ እንደሚጠበስ ዘይት ይንጫጫ ነበር። ይህ ብዙ ጊዜ የእርጥበት ምልክት ነው፤ ክረምቱም ነበር፣ ልጆቹም አፋቸውን አስጠግተው ይዘምራሉ። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጡ ትንንሽ ከረጢቶች ሰብስቤ፣ ማይኩን ከእነርሱ ጋር በሚከደን ዕቃ ውስጥ ሁለት ቀን አቆየሁት። ጸጥ አለ። ለማድረቅ ብላችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ የፀጉር ማድረቂያም አታስጠጉበት።

ይህም ካልረዳ መክፈት ይቻላል። ማይኩን ከገመዱ ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ብሎኑን ከመፍታታችሁ በፊትና ስትፈቱም ፎቶ አንሡ። ስሱን ሽፋን በጣት አትንኩት፣ አትጥረጉት፣ እፍ አትበሉበት። የሰርኪቱን ሰሌዳ ለስላሳ ብሩሽ በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክራችሁ ልታጸዱ ትችላላችሁ፤ ከጣት የሚቀር ቅባት ብቻውን ጫጫታ ያመጣልና። በቫኩም ቱቦ የሚሠራ ማይክ ግን ከፍተኛ ቮልቴጅ ስላለው በቤት አትክፈቱ። ሽፋኑ ከተቀደደ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ገመዱን ስንከፍተው ከተበጠሱት ቀጫጭን ሽቦዎች አብዛኞቹ ጠቁረዋል፤ የተበጠሱት ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። በዚያ ቀን የተበጠሱት ጥቂቶቹ፣ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቁት ብቻ ናቸው። ያንን ገመድ በየሳምንቱ ክርኔ ላይ አጥብቄ የምጠቀልለው፣ ሲነቀልም መሰኪያውን ሳይሆን ገመዱን ይዤ የምጎትተው እኔ ነኝ። ልጁ ያደረገው ነገር ቢኖር እኔ የጀመርሁትን መጨረስ ነው።

ስለ አንደበት የሚናገረውን የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 3 በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተፈትኜ ጥሩ ውጤት አምጥቼ ነበር። ፈተናው ግን የመጣው ያን ቅዳሜ ነው።

ልጁ ቤት ሄድሁ። እናቱ በር ከፈቱልኝ፤ እርሱ ከጓዳ እስኪወጣ ብዙ ቆየ። ገመዱን አሳየሁትና «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ» አልሁት። «ግን እኮ የጣልኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለኝ። ያዋረድሁት በሰው ፊት ነበርና በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ሰው ፊት ደገምሁት። ዛሬ ገመዱን የሚጠቀልለው እርሱ ነው፤ ሰፋ አድርጎ፣ ሳያጠብቅ። እኔንም «እንዲህ አይደለም» እያለ ያርመኛል።

እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ በቤታችሁ ዕቃ ሲበላሽ በመጀመሪያ ገመዱን ፈትሹ፤ ሰውን መውቀስ ይቆያችሁ። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።