ዋናው የት አለ?

ባለፈው ሰሞን በክርክር ክበባችን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ይኸውም «ፎቶግራፍ ካለ ሌላ ምስክር ምን ያስፈልጋል?» የሚል ነው። አንዱ ተከራካሪ፥ ሰው ይረሳል፥ ይፈራል፥ ጉቦም ይቀበላል፤ ፎቶግራፍ ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው ባለ ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኛም ካጨበጨቡት መካከል ነበርን። በኋላ ነገሩን ስንመረምረው ግን ጭብጨባችን የችኰላ ሆኖ አገኘነው። ለዚህም ምክንያት የሆነን የፈረንሳዊው ሻምበል የአልፍሬድ ድሬፉስ ጉዳይ ነው። (ቀኖቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ1894 በፓሪስ ከጀርመን ወታደራዊ አታሼ የቈሻሻ ቅርጫት አንድ የተቀዳደደና ፊርማ የሌለው ወረቀት ተገኘ። የፈረንሳይን የጦር ምስጢሮች የሚዘረዝር ነበር። ጥርጣሬው አይሁዳዊ በሆነው በድሬፉስ ላይ ወደቀ። ወረቀቱም በፎቶግራፍ ተነሥቶ ለጽሕፈት መርማሪዎች ታደለ። ከእነዚህ አንዱ በፓሪስ ፖሊስ ወንጀለኞችን በፎቶግራፍና በአካል ልክ የመለየትን ዘዴ ያቋቋመው አልፎንስ ቤርቲዮን ነው። በሙያው የተከበረ ሰው ቢሆንም ጽሕፈት መመርመር ሙያው አልነበረም። ሁለቱ ጽሕፈቶች በማይመሳሰሉበት ስፍራ፥ ተከሳሹ የራሱን ጽሕፈት ሌላ ሰው ያስመሰለው እንዲመስል ሆን ብሎ ለውጦታል አለ። እንግዲህ ቢመሳሰልም ጥፋተኛ፥ ባይመሳሰልም ጥፋተኛ ነው ማለት ነው።

ይህም ሳይበቃ ተከሳሹም ጠበቃውም ያላዩት የምስጢር ፋይል ለዳኞቹ በስውር ተሰጠ። በዲሴምበር 22 ቀን 1894 የጦር ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ፈረደበት። ማዕርጉ በአደባባይ ተገፎ ወደ ዲያብሎስ ደሴት ተጋዘ።

ለመርማሪዎቹ ከታደሉት ፎቶግራፎች አንዱ ግን ሳይመለስ ቀርቶ ኖሮ፥ በኖቬምበር 10 ቀን 1896 «ለ ማታን» በተባለው ጋዜጣ ታትሞ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ የባንክ ሰው የታተመውን ቅጂ ሲያይ የደንበኛውን የሻለቃ ኤስተርሃዚን ጽሕፈት ዐወቀ። መንግሥት ቈልፎ ሊያስቀረው የፈለገው ፎቶግራፍ በአደባባይ በዋለ ጊዜ እውነተኛውን ጸሐፊ አጋለጠ።

የጦር ሹማምንቱ ግን ስሕተታቸውን ከማመን ይልቅ ሌላ ማስረጃ መሥራትን መረጡ። ሻለቃ አንሪ የሁለት ደብዳቤዎችን ቍራጭ ገጣጥሞ ድሬፉስን የሚወነጅል ሐሰተኛ ደብዳቤ አዘጋጀ። የጦር ሚኒስትሩም በጁላይ 1898 በምክር ቤት አነበበው፤ በየከተማውም እንዲለጠፍ ታዘዘ። በታተመው ላይ ግን የወረቀቱ ቀለም አይታይም። በኦገስት አንድ መኰንን ዋናውን በመብራት ሲመረምር የቍራጮቹ መስመር ቀለም የተለያየ መሆኑን አየ። አንሪ አመነ፤ በታሰረ በማግሥቱም ሞቶ ተገኘ።

በ1904 ሦስት የሒሳብ ሊቃውንት፥ ዳርቡ፥ አፔልና ፑዋንካሬ፥ የቤርቲዮንን ሥራ እንዲመረምሩ ታዘዙ። የወረቀቱ ቅጂ ሲዘጋጅ በትክክል እንዳልተገጣጠመና ስሌቱም ዋጋ እንደሌለው አስረዱ። ከዋናው በተለየ ሥዕል ላይ የተመሠረተ ሒሳብ ምንም ቢራቀቅ እውነት ሊሆን አይችልም። በጁላይ 12 ቀን 1906 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለድሬፉስ እስኪጠራለት ድረስ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። ከዚህም ከአራት ዓመት በላይ የሚሆነውን በደሴቱ ላይ ብቻውን አሳለፈ።

ይህን የጻፍነው ፈረንሳይን ለመውቀስ አይደለም። ዛሬ በየኪሳችን የፎቶግራፍ መሣሪያ የያዘ ስልክ አለ። ሥዕል መቍረጥ፥ መቀባት፥ ያልነበረውንም እንደ ነበረ አድርጎ መሥራት የአንድ አፍታ ሥራ ሆኖአል። አንሪ መቀስና ሙጫ ያስፈለገው ነበር፤ የዛሬው አንሪ ይህም አያስፈልገውም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ስለ ቀረበው ነው የሚናገረው። ሳይቀርብ በመሳቢያ ውስጥ ስለ ቀረው ፎቶግራፍስ ማን ይጠይቃል? ዐሥር ሥዕል ተነሥቶ የሚወነጅለው አንዱ ብቻ ሲመጣ የቀሩት ዘጠኙ የት ገቡ? ነገ ዳኛ፥ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ የምንሆነው እኛ ነንና ጥያቄው የኛ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ዋናው ሥዕል ሳይነካ ይጠበቅ፤ ማን እንዳነሣውና በማን እጅ እንዳለፈ ይመዝገብ፤ የጠፋ ቢኖር መጥፋቱ ለዳኛው ይነገር፤ ተከሳሹም የሚጐዳውን ብቻ ሳይሆን የሚጠቅመውንም ይመልከት።

በሚመጣው የክርክር ቀን አንድ ሰው ፎቶግራፍ ከፍ አድርጎ ቢያሳየን፥ ከማጨብጨባችን በፊት አንድ እጅ ይነሣና «ዋናው የት አለ?» ብሎ ይጠይቅ።